ሰው ለምን እሺ ይላል? ለምንስ እንቢ ይላል?

ለደጋፊዎቻችን ስብሰባ የተደረገ ንግግር



እንደዚህ ባለ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም። አንዳንዱ በግልጽ ይጠይቀናል፤ አንዳንዱ ደግሞ በትሕትና ሸፈን አድርጎ ያቀርበዋል። ጥያቄው ይህ ነው፤ «ዘሩ ቀርቦላቸው፣ ምክሩ ተነግሮአቸው፣ ጥቅሙም ታይቶ እያለ ሰዎቹ ለምን አይቀበሉም?» ማዳበሪያውን ለምን አይወስዱም? የተሠራውን እርከን ለምን ያፈርሱታል? እናቲቱ ጤና ጣቢያ እያለላት ለምን በቤቷ ትወልዳለች? ጥያቄው የክፋት አይደለም። ገንዘቡን የሰጠ ሰው ገንዘቡ ፍሬ ማፍራቱን ማወቅ ይገባዋል። ነገር ግን በጥያቄው ውስጥ የተደበቀ መልስ አለ፤ ይኸውም «ስለማያውቁ ነው» ወይም «ሰነፎች ስለሆኑ ነው» የሚል ነው። ዛሬ ስለዚህ ስለተደበቀው መልስ ልንነጋገር እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የምንናገርለትን አገር ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚሄደው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ የወገራን ሜዳ አቋርጦ በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳባት ይደርሳል፤ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላ ደባርቅ ነው። ከደባርቅ አንዱ መንገድ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል፤ ሌላው ጣሊያን በ1930ዎቹ በጠረበው በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ደጋው የገብስ፣ የስንዴና የባቄላ አገር ነው። ዳገቱ ብዙ ነው፤ አፈሩን ክረምት ይወስደዋል፤ የተረፈውን ደግሞ በረዶና ውርጭ ያሰጉታል። መሬቱ ጠባብ፣ ቤተሰቡ ሰፊ ነው።

እስቲ በዳባት ዙሪያ የሚኖሩ አንድ አባወራ እናስብ። ስም አንሰጣቸውም፤ እንደ እርሳቸው ያሉ እጅግ ብዙ ናቸውና። ሁለት በሬዎች አሏቸው። መሬታቸው በአንድ ስፍራ የተያያዘ አይደለም፤ አንዱ ማሳ ከቤቱ ጓሮ፣ ሌላው ከወንዙ ማዶ፣ ሦስተኛው ከኮረብታው ላይ ነው። ግንቦት ሲያልቅ ወጣቱ የልማት ሠራተኛ ይመጣና «አባቴ፣ ዘንድሮ እንኳ ማዳበሪያ ይውሰዱ እንጂ» ይላቸዋል። እርሳቸውም «እስቲ እናያለን፣ ልጄ» ይሉታል። አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ «እስቲ እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወጣቱም በመዝገቡ ላይ «ፈቃደኛ አይደሉም» ብሎ ይጽፋል።

አባወራው ግን ያሰቡት ነገር አለ። ማዳበሪያው የሚገዛው ዝናቡ እንዴት እንደሚሆን ሳይታወቅ ነው፤ በጥሬ ገንዘብ ወይም በዕዳ። ዘመኑ ከሰመረ ምርቱ ይጨምራል፤ ይህን እርሳቸውም አይክዱም፤ በጎረቤት ማሳ አይተውታል። ዘመኑ ከከፋስ? ነሐሴ ላይ በረዶ ቢወርድ ወይም እሸቱን ውርጭ ቢመታው ሰብሉ ይሄዳል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ዕዳውን ለመክፈል አንዱ በሬ ይሸጣል። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ወይ ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር መቀናጆ መግባት፣ ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠት ነው። መቀናጆ የገባ ሰው የሚያርሰው ተራው ሲደርስ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። እንዲህ ሆኖ የአንድ ክረምት ክፋት የብዙ ዓመት ድህነት ይሆናል። ማዳበሪያ ያልወሰደው ጎረቤት በዚያው ክረምት ይቸገራል፤ ይራባልም፤ በሬዎቹ ግን በበረቱ አሉ።

ይህ ስንፍና ነውን? እኛ እንደሚመስለን ይህ ሒሳብ ነው፤ ያውም በወረቀት የማይሠራ፣ በሕይወት የሚሠራ ሒሳብ። ሉክ ክሪስቲያንሰንና ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ አጥኚዎች በኢትዮጵያ ገጠር ከብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት የተሰበሰበ መረጃ መርምረው በ2011 ያወጡት ጽሑፍ ይህንኑ ይመሰክራል። ሰብል ሲጠፋ የሚበላ ነገር እንዳይታጣ መፍራት ገበሬውን ከማዳበሪያ እንደሚያርቀው አሳዩ። ጥሪት ያለው ይደፍራል፤ ጥሪት የሌለው ይጠነቀቃል፤ በመጠንቀቁም ድሀ ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ በፊት በ1979 ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ሰው አንድ ነገር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ እንደሚበልጥ ጽፈው ነበር። ትቨርስኪ በ1996 ዐረፉ፤ ካነማን በ2002 በዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሐሳቡ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ወደ ስሜን ሲመጣ መታረም ያለበት ይመስለናል። ጥያቄው በመጀመሪያ የቀረበው በአመዛኙ ለተማሪዎች ነበር፤ በወረቀት ላይ ገንዘብ የከሰረ ተማሪ ማታ እራቱን በልቶ ይተኛል። ለዳባቱ አባወራ ግን ኪሳራው በሬ ነው። ስለዚህ የእርሳቸውን ፍርሃት የአስተሳሰብ ጉድለት ብሎ መጥራት አይገባም። በቋንቋችን ውሳኔ «ቁርጥ» ነው፤ «ሐሳቡን ቆረጠ» እንላለን፤ «ተስፋውን ቆረጠ» ስንልም ግሡ ያው ነው። ሀብታም የቆረጠው ነገር መልሶ ያቆጠቁጥለታል፤ የድሀ ግን ብዙ ጊዜ እንደተቆረጠ ይቀራል።

የደጋ ገበሬ አደጋን የሚከፋፍልበት የራሱ ዘዴ እንዳለውም ማስተዋል ያስፈልጋል። በተለያየ ከፍታ ማሳ መያዝ አንዱ ነው፤ በረዶ ሁሉን በአንድ ቀን አይመታምና። ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ በአንድ ማሳ መዝራት ሌላው ነው፤ ዝናቡ ለአንዱ ቢከፋ ለሌላው ይሻላል። አንዳንድ ባለሙያ ይህን ኋላ ቀርነት ይለው ነበር። ዛሬ ግን ቅልቅል ዘር ምርቱን ከዓመት ዓመት እንዳይዋዥቅ ስለሚረዳው ሳይንቲስቶች እንደገና እያጠኑት ነው። አባቶቻችን «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ሲሉ ስለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ ሳይሆን አይቀርም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ «እንቢ» ነው። «እሺ»ም ቢሆን መመርመር አለበት። በስብሰባ ላይ «ሁላችሁም ትስማማላችሁ?» ሲባል ሁሉም «እሺ» ይላል፤ በማግስቱ ግን ማንም አይመጣም። እንግዳው ሰው «ዋሹኝ» ብሎ ያዝናል። አልዋሹትም። «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚል ሕዝብ እንግዳን በፊቱ ማሳፈር አይወድም። ይህ ይሉኝታ ነው። ፈረንጆች በአንድ ቃል ሊተረጉሙት የሚቸገሩት ይህ ነገር በአገራችን ከገንዘብና ከትእዛዝ ይልቅ ሰውን ያንቀሳቅሳል። ሰው ለልጁ ሠርግ፣ ለአባቱ ተዝካር ከአቅሙ በላይ ሲያወጣ እናያለን፤ ወቃሹም ብዙ ነው። ነገር ግን ያ ወጪ ከንቱ ብክነት ብቻ አይደለም። በችግሩ ቀን በሬ የሚያውሰው፣ በወንፈል የሚያርስለት፣ ሲታመም በቃሬዛ የሚሸከመው የበላውና የጠጣው ጎረቤት ነው። ባንክ በሌለበት አገር ዝምድና ባንክ ነው። እርግጥ ነው፣ ልክ ያጣ ድግስ ቤት ያፈርሳል፤ ይህንም ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ይሉኝታን የማያውቅ መካሪ በጆሮ ይሰማል እንጂ ልብ ውስጥ አይገባም።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላው ነገር ወቅት ነው። ያው ሰው በጥርና በነሐሴ አንድ ዓይነት ሐሳብ አያስብም። ጥር ላይ አውድማው ተወቅቶ፣ እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ ልብ ይረጋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ነው፤ ገበያው ተወድዷል፤ ሐሳቡ ሁሉ የዛሬን ማታ ማለፍ ነው። በ2013 በታተመ ጥናት አጥኚዎች በሕንድ አገር በታሚል ናዱ 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከመከር በፊትና ከመከር በኋላ ፈተኑአቸው፤ ፈተናው የማሰብና የማስተዋል ነበር። ያው ሰው ከመከር በፊት ዝቅ ያለ፣ ከመከር በኋላ ከፍ ያለ ውጤት አገኘ። ሰውየው አልተለወጠም፤ ችግሩ ሐሳቡን ወስዶበት ነበር እንጂ። በኬንያ ምዕራብም ኤስተር ዱፍሎ፣ ማይክል ክሬመርና ጆናታን ሮቢንሰን በ2011 እንዳሳተሙት፣ ገበሬዎች ልክ እንዳጨዱ ገንዘቡ በእጃቸው ሳለ «ማዳበሪያውን አሁን ብትከፍሉ ያለ ማጓጓዣ እቤታችሁ ድረስ እናመጣለን» ሲባሉ የሚገዛው ሰው ጨመረ። ይህች ትንሽ ነገር በመዝሪያ ጊዜ ዋጋውን በግማሽ ከመቀነስ ጋር የሚወዳደር ውጤት አሳየች። ከሦስቱ ሁለቱ በ2019 ከሌላ ባልደረባቸው ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የብድር መክፈያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከመከር በኋላ ነው፤ ያ ጊዜ እህል ከዓመቱ ሁሉ የሚረክስበት ነው። ገበሬው በርካሽ ይሸጣል፤ ሐምሌ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ይህን ሲያደርግ ያየ ሰው «ነገን የማያስብ» ይለዋል። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» የተባለው ግን በዋዛ አይደለም። ነገን አለማሰብና ነገን ለማሰብ ፋታ ማጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለ እርከን ሰፋ አድርገን ልንናገር እንወዳለን፤ ከሁሉ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰው እዚህ ላይ ነውና። በስሜንና በወገራ ዳገት ላይ አፈር ምን ያህል እንደሚሄድ ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ክረምት ላይ ወንዙ ሲደፈርስ የሚያየው የራሱን ማሳ ነው። በ1970ዎቹና በተለይም በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ደጋ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ፤ ጋራዎች ተከለሉ፤ ችግኝ ተተከለ። አብዛኛው ሥራ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እህልና ዘይት የሚከፈልበት ነበር፤ «ምግብ ለሥራ» ይባል ነበር። ሰው ሠራ፤ እህሉን ተቀበለ። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ። ብዙውን ያፈረሱት በእጃቸው የሠሩት ሰዎች ነበሩ።

ለምን? በመጀመሪያ እርከን ከጠባብ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፤ አይጥ ይራባበታል፤ በሬ ለማዞር ያስቸግራል። ገበሬዎች ይህን ደጋግመው ሲናገሩ ሰሚ አላገኙም። ሁለተኛም መሬቱ ነገ ለሌላ እንዳይደለደል ዋስትና አልነበረም፤ ለማያውቁት ሰው ማሳ ድንጋይ የሚሸከም ማን ነው? ሦስተኛው ግን ከሁሉ የጠለቀ ነው። የተከፈለበት ሥራ የከፋዩ ይሆናል። እርከኑ «የመንግሥት»፣ «የእርዳታው» ተብሎ ይጠራ ነበር፤ ሲፈርስም «የእኔ ፈረሰ» የሚል አልነበረም።

በዚህ ነገር ላይ አንድ የእስራኤል አገር ምሳሌ አለ። በሃይፋ ከተማ ያሉ ሕፃናት መዋያዎች ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆችን መቅጣት ጀመሩ። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በ2000 እንደጻፉት የሚዘገየው ወላጅ በመቀነስ ፈንታ በዛ። ቀድሞ አስተማሪዋን ማስቸገር ያሳፍር ነበር፤ ቅጣቱ ሲመጣ ግን መዘግየት በገንዘብ የሚገዛ ነገር ሆነ። ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም የቀድሞው እፍረት አልተመለሰም። እኛ በቋንቋችን ብንናገረው፣ ይሉኝታ የነበረበት ቦታ ዋጋ ገባበት፤ ዋጋው ሲወጣ ይሉኝታው ተመልሶ አልገባም።

ይህን ስንል ለተራበ ሠራተኛ እህል አይሰጥ ማለታችን አይደለም። የተራበ ሰው መብላት አለበት፤ ድንጋይ የሚሸከም ከሆነማ ይልቁንም። ጉዳዩ እህሉ ምን ይዞ ይመጣል የሚለው ነው። እርከኑ በየት በኩል ይለፍ፣ በስንት ክንድ ይራራቅ፣ የማን ማሳ ይቅደም የሚለውን ገበሬዎቹ ራሳቸው ሲቆርጡት ያው እህል ሌላ ትርጉም ይኖረዋል። ለዚህም ከዚሁ ከአማራ ክልል ማስረጃ አለ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለገበሬው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጠው ጀመር፤ የባልም የሚስትም ስም ይጻፍበታል። ክላውስ ዳይኒንገርና ባልደረቦቹ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ደብተሩ በተሰጠበት ስፍራ ገበሬዎች በአፈር ጥበቃ ላይ የሚያደርጉት ሥራ መጨመሩን አሳይተዋል። ስንዴ ያላስገኘውን ነገር ስም የተጻፈበት ወረቀት አስገኘ።

ስለ መሬት ከተናገርን ዘንድ ግጭን ሳንጠቅስ አናልፍም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ታወጀ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተቆጠረ። የግጭ መንደር ከ3,500 ሜትር በላይ፣ በፓርኩ እምብርት ነበረች፤ ገብስ እየዘራች፣ በግ እያረባች ትኖር ነበር። በ2016 የመንደሩ 418 አባወራዎች ካሳ ተቀብለው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ዋልያውም ሣሩም ዕረፍት ማግኘታቸው መልካም ነው። የሰዎቹ ውሳኔ ግን የተጀመረው ከወረዱ በኋላ ነው።

እስቲ አስቡት። ማሳ ያለው ሰው በዓመት ጥቂት ትላልቅ ውሳኔዎች አሉት፤ መቼ ልረስ፣ ምን ልዝራ፣ ምን ያህል ልሽጥ። የቀረውን ወቅቱና ልማዱ ይወስኑለታል። ጥሬ ገንዘብ ያለው ሰው ግን በየቀኑ መወሰን አለበት። ዘመድ ታሞ ሲጠይቅ እንቢ ማለት፣ ልጅ ጫማ ሲያምረው እንቢ ማለት፣ ነጋዴ «አብረን እንሥራ» ሲል መመርመር። ማሳ ተቆርሶ ለዘመድ አይሰጥም፤ ብር ግን ይሰጣል፤ ይሉኝታም አለ። በግና በሬ የሚገዛ ገበሬ ገንዘቡን ከራሱ እጅ መደበቁ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ቁጠባ ነው። በከተማ ቤት ግቢ ውስጥ በጎቹን የት ያሰማራቸዋል? ደግሞም በተራራው ላይ ስለ ውርጭና ስለ ገብስ የሚጠየቅ አዋቂ የነበረ ሰው ከተማ ሲገባ ምንም እንደማያውቅ ሰው ይቆጠራል። ሰውን ከሚያተጉት ነገሮች አንዱ የሚያውቀውን መሥራት ነው፤ ይህ በካሳ ሒሳብ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ የለም። የቱሪስት ሥራ ያጽናናቸዋል የሚል ተስፋ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ግን ወረርሽኙና ጦርነቱ ያንን ሥራ ክፉኛ ጎድተውታል።

ስለ ጤና በአጭሩ እንናገር። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ሕመም እየተከታተለ የሚመዘግብበት የጥናት ማዕከል አለ፤ ለወረዳው ትልቅ ሀብት ነው። እናቶች ለምን በቤት እንደሚወልዱ በአገሪቱ ሁሉ ሲጠየቁ መልሳቸው ርቀቱን፣ ወጪውንና ከቤት ማን ይፈቅዳል የሚለውን ብቻ አልነበረም። የሚያውቁት ሰው አብሮአቸው አለመግባቱ፣ ገንፎና ቡና አለመኖሩ፣ «ማርያም ማርያም» የሚሉ ሴቶች በር ላይ መቅረታቸው ከመልሱ ውስጥ ነበር። ከጊዜ በኋላ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ጀመሩ፤ ወጣቶችም ምጥ የያዛትን በቃሬዛ እንዲያመጡ ተደራጁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እናቲቱ እንቢ ያለችው ሕክምናውን ሳይሆን ብቸኝነቱን እንደነበር ያሳያል።

ተስፋም ሰውን ያንቀሳቅሳል። በ2010 ታንጊ በርናርድ፣ ስቴፋን ዴርኮን፣ ኬት ኦርኪንና ኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ ሥዩም ታፈሰ በምዕራብ ሐረርጌ በዶባ ወረዳ ለገበሬዎች ፊልም አሳዩ። በፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደ ተመልካቾቹ ያሉ፣ ከዝቅተኛ ኑሮ ተነሥተው በራሳቸው ጥረት ቤታቸውን ያቀኑ ነበሩ። ለሌሎች ገበሬዎች ደግሞ ለመዝናኛ የሚሆን ብቻ ታየ። ከስድስት ወር በኋላ ሲጠየቁ የመጀመሪያዎቹ ቁጠባቸውና ለልጆቻቸው ትምህርት የሚያወጡት ጨምሮ ተገኘ። አንድም ሳንቲም አልተሰጣቸውም። የተሰጣቸው እንደ እነርሱ ያለ ሰው ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ባለሙያ አርአያ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው፤ ተመልካቹ «እርሱማ እርሱ ነው» ይላል።

ሆኖም ተስፋ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። በ2021 ጦርነቱ በሊማሊሞ ማዶ ካለው ቆላ ወደ ዳባትና ደባርቅ ዙሪያ ሲደርስ፣ በጭናም የሆነው ሲሆን፣ ብዙ ቤተሰብ ከብቱንና እህሉን አጥቶ ተሰደደ። ለእንዲህ ያለ ሰው የአምስት ዓመት ዕቅድ ማስተማር ስድብ ሊሆን ይችላል። ነገውን ለመቁጠር ዛሬውን የሚያምነው መሆን አለበት።

አሁን ወደ እናንተ እንመጣለን፤ ወዳጆቻችን፣ እስካሁን ስለ ሌላው ሰው ልብ ስናወራ ነበርና። ሰጪውም ሰው ነው። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ በ2007 ያሳተሙት አንድ ሙከራ ነበር። በአሜሪካ ለተሳታፊዎች አምስት ዶላር ተሰጥቶአቸው ከዚያ ላይ ለረሀብተኞች እንዲለግሱ ተጠየቁ። ለአንደኛው ወገን ሮኪያ የምትባል የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ ተነገረች። ለሁለተኛው ወገን ቁጥሮች ቀረቡ፤ ከቁጥሮቹ አንዱ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አስቸኳይ ምግብ እንደሚሻ የሚናገር ነበር። ቁጥሩን ያዩት ለሮኪያ ከተሰጠው ከግማሽ በታች ሰጡ። ልጅቱም ቁጥሩም በአንድነት ለቀረቡላቸው ደግሞ ልግስናው ለልጅቱ ብቻ ከተሰጠው አነሰ። 11 ሚሊዮኑ የእኛው ሰዎች ነበሩ።

በ1984ም ያየነው ይህንኑ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ስለ ረሃቡ ለለጋሾች ከወራት አስቀድሞ አስታውቆ ነበር። ዓለም የተንቀሳቀሰው ግን ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ፊልም በጥቅምት 23 ቀን በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። ፊቱ ሲታይ እጁ ተዘረጋ። ለዚያ ልግስና ምስጋናችን ዛሬም አይቋረጥም፤ ብዙ ነፍስ አድኗልና። ነገር ግን ፎቶግራፍ ሊነሣ የሚችለው ረሃብ የገባው ረሃብ ነው። በሬው ያልተሸጠለት አባወራ ፎቶግራፍ የለውም። ጥር ላይ በርካሽ ያልተሸጠ እህል፣ ያልተገባ ዕዳ፣ ያልፈረሰ ቤት ለመጽሔታችን ሽፋን አይሆንም። ጎተራው የጎደለው ሰው ዛሬን እንጂ ነገን ለማየት እንደሚቸገር ተናግረናል፤ ጎተራው የሞላ ሰጪም በሌላ መንገድ የሚያየው ያንኑ ዛሬን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልንጠይቃችሁ እንወዳለን። ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ልንጽፍላችሁ እንችላለን። አንደኛው በታኅሣሥ የሚደርሳችሁ ነው፤ ፎቶግራፍ የለበትም፤ ገበሬው እህሉን በመጋዘን አስይዞ ዋጋው እስኪሻል የሚቆይበት ብድር፣ ሰብሉን በረዶ ቢመታው ደግሞ ዕዳው የሚነሣበት ገንዘብ ይጠይቃል። ሁለተኛው በነሐሴ የሚደርሳችሁ ነው፤ የሕፃን ፊት ይዞ ይመጣል። ለሁለተኛው እንደምትመልሱ በብዙ ዓመት ልማድ እናውቃለን። ለመጀመሪያው ትመልሱ እንደሆነ ግን መስማት የምንፈልገው ከእናንተው አፍ ነው፤ «እስቲ እናያለን» የሚለውንም መልስ ቢሆን እንቀበላለን፤ ምን ማለት እንደሆነ ከዳባቱ አባወራ ተምረናልና። ሻዩ እስኪቀርብ ጊዜ አለን፤ ከኋላ በኩል የተቀመጡት እጅ አውጥተዋል፣ ከእርሳቸው እንጀምር።